የመሪጌታ ህሩይ የሆድ ማኅበርተኞች

ቆሙ። ቆመው ጀመሩ፣ ቆመው ጨረሱ። ወንበር አልቀረበላቸውም፣ ክንዳቸውን የደገፈ የለም፣ ደረታቸውን ጨብጠው የሚደገፉበት ግንብ ፍለጋ አልሄዱም። ትናንት በሚካኤል ክብረ በዓል፣ ታቦቱ ወጥቶ ሕዝቡ ዙሪያውን በከበበበት፣ ወረቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ መርተው፣ ላባቸውን በነጠላቸው ጠረግ አድርገው፣ «ይህን ያህል ሰው ሲሰበሰብ አንድ ጣሳ ውሃ የሚያስብ አይገኝም?» ብለው ተቆጡ። ያን ቁጣ ስሰማ ዕንባዬ መጣ። እንዲያ ያለ ሸጋ ቁጣ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።

ደስታዬ ቀደመኝና የማን ነገር እንደሆነ ሳልናገር ሮጥሁ። የጎረቤቴ የመሪጌታ ህሩይ ነው።

በሰፈራችን መልካቸውን የማያውቅ ቢኖር ድምፃቸውን ያውቃል። በደብራችን የአቋቋም መምህር ናቸው። ካህናቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ እየተወዛወዙ የሚዘምሩበትን ሥርዓት የሚያስተምሩ እሳቸው ናቸው። ሥራው መቆም ነው። ቁጭ ብሎ አቋቋም የሚመራ ሰው በጎንደር አልታየም። እንግዲህ ለመሪጌታ ህሩይ «አይቁሙ» ማለት ለገበሬ «አትረስ» ማለት ነው፤ ባለፈው ፋሲካ ሰሞን የተባሉትም እሱን ነው።

እኔ እስከዳር እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከእነሱ ጋር አንድ አጥር እንጋራለን። የስፌት ማኪናዬ የተቀመጠው መስኮቱ ሥር ስለሆነ በዚያ ቤት የተነገረ ሁሉ፣ ብፈልግም ባልፈልግም፣ እኔ ዘንድ ይደርሳል። ብዙውን ጊዜ እፈልጋለሁ።

ትውልዳቸው ከደባት ወዲያ ደጋው ላይ ነው። ገና በልጅነታቸው ለትምህርት ከቤት ወጥተው ጎንደር ገቡ። ያን ጊዜ እንደማንኛውም የቆሎ ተማሪ ቁራሽ ሲለምኑ የየደጁ ውሻ ይወጣባቸዋል። ሌላው ተማሪ ሲሮጥ እሳቸው ቆመው ውሻውን ይቆጡት ነበር አሉ። «ምነው አንተ? እኔ የመጣሁ ጌታህ ዘንድ ነው፤ አንተን ማን ጠራህ?» ውሻውም ያፍራል። ይህን የነገረችኝ ሚስታቸው የትነበርሽ ናት። አባቷ የመሪጌታ መምህር ነበሩና በገዛ ደጃቸው ያየችው ነገር ነው። «ውሻችን ከዚያ ቀን ወዲያ ጮኾባቸው አያውቅም፤ እኔ ነኝ እስከ ዛሬ የምጮኽባቸው» ትላለች።

ጾም ሲሆን እንደ መሪጌታ የሚጾም የለም። ሰዓቱ ሳይደርስ ውሃ አይቀምሱም፤ ሹሮው ላይ የዘይት ጠብታ ከበዛ እንኳ «ይህ ምን ቅንጦት ነው?» ይላሉ። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ እንደ እሳቸው የሚፈታ የለም። ሥራቸውም ያግዛቸዋል። ክርስትና አለ፣ ተዝካር አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ ዝክር አለ፤ መሪጌታ ያልተገኙበት ድግስ ድግስ አይባልም። ለመሪጌታ የሚቀርበው ደግሞ ከሁሉ የተመረጠው ጮማ ነው፣ አልበላም ማለትም ባለቤቱን መስደብ ነው። በፋሲካ ዶሮው ይቀድማል፣ በጉ ይከተላል፣ ከዚያ የየቤቱ ግብዣ ይቀጥላል። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለሚበላ እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ሆዳቸው ዕረፍት የለውም። ይህ ስንት ዘመን የኖረ ነገር ነው፣ ማንም ክፉ አላለውም።

ባለፈው ፋሲካ በዋለ በጥቂት ቀን፣ ከአራዳ ወደ ሰፈራችን በሚያወጣው ዳገት ሲወጡ መንገዱ መሐል ቆሙ። እኔና የትነበርሽ ከኋላቸው ነበርን። ደረታቸውን በመዳፋቸው ጫን አድርገው ሽቅብ ዳገቱን ያዩታል። «ይህን ዳገት ማነው የጨመረበት?» አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። መሪጌታ መንገድ ላይ ሲቀመጡ ያየሁ የዚያን ቀን ነው።

በማግስቱ እየተሳደቡ ሆስፒታል ሄዱ። ይዘናቸው የሄድን እኛው ሁለታችን ነን። የተቀበለችን ሐኪም ዶክተር ሕሊና ትባላለች። ወጣት ናት፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፤ እንዲህ ያለው ሰው ሲቆጣ ግን ያስፈራል፣ ያን በኋላ አየነው። የልባቸውን ፎቶ አስነሣች፣ ደማቸውን አስመረመረች፣ ብዙ ጠበቅን። በመጨረሻ የልባቸው ደም ሥሮች እንደጠበቡ ነገረችን።

«መሪጌታ፣ ሥጋና እንቁላል ያዘወትራሉ?»

«በጾም አልበላም።»

«ከጾም ውጭስ?»

«ከጾም ውጭ ጾም አይደለም።»

የትነበርሽ መሬት መሬት አየች። ዶክተሯ ወንበሯን ሳበችና ቀስ ብላ ታስረዳቸው ጀመር። በሰው ሁሉ አንጀት ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን፣ ባክቴሪያ የሚባሉ፣ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ይኖራሉ። አብዛኞቹ ደጎች ናቸው፣ ያለ እነሱ ኑሮም የለም። አንዳንዶቹ ግን ቀይ ሥጋና የእንቁላል አስኳል ሲደርሳቸው ያን አፍርሰው አንድ ነገር ይሠራሉ። ያ ነገር ጉበት ሲደርስ ይለወጣል፤ ተለውጦ በደም ይዞራል። ይህ የበዛበት ሰው ደም ሥሩ ቶሎ እየደደረና እየጠበበ ልቡ እንደሚጎዳ ጥናቶች እያሳዩ ነው።

«ነገሩ ተጣርቶ አላለቀም» አለች። «ስቡም፣ የደም ግፊቱም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ለእነሱ ክኒን አዝዛለሁ፣ ክኒኑ እንዳይቋረጥ። የሆዱ ግን በእርስዎ እጅ ነው።»

መሪጌታ እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «እኔ ሳልጠራቸው ሆዴ ውስጥ ማኅበር የገቡ ፍጥረታት አሉ ነው የምትይኝ?» አሉ።

«እንደዚያ ይበሉት።»

«ድግሱን የማወጣም እኔ ነኝ።»

«አዎ። በጾሙ ሲያስርቧቸው እነዚያ ክፉዎቹ ይቀንሳሉ። ፋሲካ ሲመጣ ግን ቀልበው መልሰው ያበዟቸዋል።»

እኔ ሳቅሁ። መሪጌታ ዞረው ሲያዩኝ አፌን በነጠላዬ ሸፈንሁ።

«ስለዚህ ሥጋውን፣ እንቁላሉን፣ ቅቤውን ይተዉ። ባቄላ፣ ምስር፣ ገብስ፣ ጎመን ይብሉ። ደጎቹ የሚበዙት በዚያ ነው።»

ያኔ ተነሡ። «ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ረቡዕ።»

«የምን ረቡዕ? የሃምሳው ረቡዕ ነው። ጌታ ከተነሣ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን መጾም ክልክል ነው። ሙሽራው ሳለ ሚዜ አይጾምም። አንቺ ልጅ፣ የክርስቲያን ልጅ አይደለሽም?»

«የቄስ ልጅ ነኝ።»

«ይባስ።»

«መሪጌታ፣ ጹሙ አላልሁም። ሥጋ አይብሉ ነው ያልሁ።»

«በእኛ ቋንቋ ይህ ጾም ይባላል። ጾም ደግሞ ለእግዚአብሔር ነው እንጂ ለደም ሥር አይደለም።» ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ክኒኑን የትነበርሽ በቦርሳዋ ይዛ ተከተለቻቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማኪናዬን ባቆምሁ ቁጥር የምሰማው ጠብ ነው። የትነበርሽ ሹሮ ታቀርባለች፣ መሪጌታ ገበታውን ገፋ ያደርጋሉ።

«በሃምሳው ሹሮ? ማን ሞተ?»

«ማንም እንዳይሞት ነው። ብሉ።»

«ትንሣኤውን ላልቅስበት? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ምን ይልሃል? መሪጌታ ሞተ ይላል፣ ንፍሮውን ቅሞ ይሄዳል።»

የትነበርሽ ባሏን «አንቱ» ነው የምትል። ሲብስባት ብቻ «አንተ» ትላለች፤ በዚያ ሰሞን «አንቱ» ከቤቱ ጠፋ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ተናድጄ ነበር። ይህን ያህል ዘመን ሰው ስታስተምር ኖረህ፣ የራስህን ልብ አልማርም ትላለህ? ደግሞ ክርክሩን የሚያሸንፉት እሳቸው ናቸው፣ ሥርዓቱ ከእሳቸው ጋር ነው። በሃምሳው አይጾምም፤ እኔም የማውቀው ይህንኑ ነው። የሚመልስላቸው ስላጣን ጮማውን በሰላም ይበላሉ። በሰላም እንኳ አይደለም፣ እልሁ ተጨምሮበት ድሮ ከሚበሉት በላይ ይበላሉ።

ሐሳቡ የመጣላቸው እንዲህ እያሉ ሲበሉ ይመስለኛል። የሐኪሟን ነገር ሙሉ በሙሉ አልጣሉትም ነበር፣ ዳገቱ አስፈርቷቸዋል። ነገሩን እንደ ቅኔ አገላብጠው ሲያዩት ሌላ በር ያገኙ መሰላቸው። ጥፋተኞቹ ሥጋው ሳይሆን በሆድ ያሉት ማኅበርተኞች ከሆኑ፣ ሥጋውን ምን አስተወው? ማኅበሩን መበተን ነው። ማኅበሩ ከተበተነ ሃምሳውም ይበላል፣ ሥርዓቱም አይፈርስም፣ ደም ሥሩም ይድናል። ለሆድ ነዋሪ ደግሞ ደገኛ የሚያውቀው አንድ መድኃኒት ነው፤ ኮሶ።

ሥጋ የሚበላ ሰው ሆዱ የኮሶ ትል ይዞት የዛፉን አበባ ወቅጦ፣ በጥብጦ፣ አፍንጫውን ይዞ ሲጠጣ ያላየ የደጋ ልጅ የለም። መሪጌታ ባደጉበት ዛፉ ከደጅ አይጠፋም። ቅዳሜ ገበያ ሄደው፣ ከደጋው ከወረደ ሰው ላይ ገዝተው፣ ለማንም ሳይናገሩ ቤት አስገቡ። የትነበርሽ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ጠዋት በጥብጠው ጠጡት። አንድ ቅል ለአንድ ትል ይበቃል፤ እነዚህ ግን ሐኪሟ ስፍር ቁጥር የላቸውም ስላለች ሌላ ቅል ደገሙበት።

እኔ ካባ እየሰፋሁ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት የጓሮው በር ሲንኳኳ ነው፣ ሲከፈት፣ ሲዘጋ፣ ደግሞ ሲከፈት። ከዚያ ትውኪያ። ከዚያ ምንም። ያስደነገጠኝ ያ ምንም ነው። ከዚያ ቤት ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። በአጥሩ ቀዳዳ ዘልቄ ስገባ ጓሮ ውስጥ ወድቀዋል። ከንፈራቸው ደርቋል፣ እጃቸው በረዶ ሆኗል። «ወጡ?» አሉኝ።

«ማን ነው የሚወጣ?»

«ማኅበርተኞቹ።»

ያኔ ቅሉን አየሁት፣ ሽታውም ነገረኝ። ኧረ ስሳደብ የሰማችሁኝ ከሆነ ይቅር በሉኝ። መሪጌታ ብዬ የማከብረውን ሰው፣ የነፍስ አባት ባለበት የማይነገር ነገር እየተናገርሁ፣ ከጎረቤት ሰው ጋር ተሸክመን ባጃጅ ውስጥ ከተትናቸው። የትነበርሽን መንገድ ላይ አገኘናት። አላለቀሰችም፣ ከጎናቸው ገብታ «ምን አደረግህ?» ብቻ አለች፣ ደጋግማ፣ እስከ ሆስፒታሉ በር።

ቀኑን ሙሉ ውሃ በደም ሥራቸው ሲገባ ዋለ። ነፍሳቸው ስትመለስ ዶክተር ሕሊና እግራቸው ሥር ቆማ አገኟት። ያን ዝግ ያለ ድምፅ አላወጣችም።

«ኮሶ ጠጡ?»

«ጠጣሁ።»

«በታመመ ልብ ላይ? ሰውነትዎ ውሃው አልቆ፣ ግፊትዎ ወርዶ፣ እኮ ትንሽ ቢቆዩ ሬሳ ነበር የሚመጣልኝ። እኔ ትል አለብዎት አልሁ?»

«በሆድዎ ፍጥረት አለ አላልሽም?»

«አልሁ። መሪጌታ፣ የገበሬ ልጅ ነዎት አይደል? አረም በቀለ ብሎ ከነሰብሉ ማሳውን የሚያቃጥል ገበሬ አይተዋል? ኮሶው እነዚያን መርጦ አይገድልም። ደጎቹንም ያጥባል፣ እርስዎንም ያጥባል። አረሙ የበዛው እርስዎ ስለሚያጠጡት ነው። ማጠጣቱን ይተዉ። ሌላው ዘር ሲጠነክር እሱ ራሱ ቦታ ያጣል።»

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እሷ ግን አልጨረሰችም ነበር።

«ከእንግዲህ እኔ እስክፈቅድ መቋሚያ አይያዙ። ማኅሌት አይቆሙም። ኅዳር ሚካኤል ድረስ ካልተሻልዎት ያንንም አይቆሙም።»

ይህን ስትል የመሪጌታ ትከሻ ሲሸማቀቅ አየሁ። ኅዳር ሚካኤል የደብራችን ንግሥ ነው። ወረቡን ከሌላ ሰው አፍ ሰምተነው አናውቅም። «ማን ይመራዋል?» አሉ፣ ለግድግዳው።

«ወልደኢየሱስ አለ» አለች የትነበርሽ።

ወልደኢየሱስ የገዛ ተማሪያቸው ነው፤ አሁን ምክትላቸው። ድምፁ ሸጋ ነው። መሪጌታ እንደሚሉት ግን ይቸኩላል። «እሱ ወረብ አይመራም» አሉ፣ «እሱ ወረብን ያባርረዋል።» ከኮሶው በኋላ የተቆጡት የመጀመሪያ ቁጣ ይህ ነው፣ ደካማ ነበር።

ቤት ሲመለሱ ችግሩ ባለበት ነው። ሃምሳው አላለቀም። ኮሶውን ትተዋል፣ ሥጋውን ግን አልተዉም ማለት ነው? «አልጾምም» አሉ፣ ተኝተው። «ልሙት። በሃምሳው ጾሞ የዳነ ተብዬ ከምኖር ሕጉን ጠብቄ ልሙት።»  ያን ቀን እኔም እሷም ተለያይተን ስናለቅስ ዋልን፣ ከንዴት የሚመጣ ለቅሶ ነው፣ ዓይን የሚያቃጥል።

በማግስቱ ገና ፀሐይ ስትወጣ፣ መሪጌታ ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ የትነበርሽ የገብስ ቂጣና ትኩስ የባቄላ ወጥ ይዛ ከፊታቸው ቆመች። እኔ መስኮቴን ከፍቼ ነበር። አዎ፣ ሆን ብዬ።

«ብላ።»

«ምንድን ነው ይሄ በማለዳ?»

«ባቄላ ነው። ብላ።»

«አልጾምም አልሁሽ አይደል?»

«ማን ጹም አለህ? ጾም ምንድን ነው ብለህ ነው ለተማሪዎችህ የምታስተምር? ከእህል ከውሃ ተከልክሎ እስከ ሰዓቱ መቆየት አይደለም? ከልጅነቴ አባቴ ሲያስተምሩ የሰማሁት ይህ ነው፣ አንተም ከእሳቸው ነው የተማርኸው። ሰው በማለዳ፣ ፊቱን ሳይታጠብ፣ ባቄላ ጠግቦ ጾመ ይባላል? ሃምሳውን አትጹም። ብላ። ቁርስ ብላ፣ ምሳ ብላ፣ መክሰስ ብላ። ሥጋ ብላ የሚል ሥርዓት ደግሞ ካለ አሁን አውጣና አሳየኝ።»

 እኔ መርፌዬን ይዤ ጠበቅሁ። መሪጌታ ህሩይ መልስ ሲያጡ ዕድሜ ልኬን ለመስማት ስጠብቅ የነበረ ነገር ነው፣ ሲመጣ ግን አላስደሰተኝም። ሥጋ ብላ የሚል ሥርዓት የለም። ይህን ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ከወጡ ቀመስ አድርገው፣ «ጨው አንሶታል» አሉ።

«ጨውም ተከልክሏል።»

በሉ። በንዴት በሉ። እያንዳንዷን የባቄላ ፍሬ እንደ ጠላት አኝከው ዋጡ። ፀሐይ ገና ዳገቱን ሳትጨርስ ሳህኑ ባዶ ሆነ። የትነበርሽ ሳህኑን ይዛ ወደ ጓሮ ስትወጣ በአጥሩ ቀዳዳ እጄን ሰድጄ እጇን ያዝሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጠብ ከውጭ ሰው ጋር ሆነ። አያ ቢያዝን የሚባሉ ባለጠጋ ነጋዴ የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ሲያስነሡ መሪጌታን ጠሩ። የተመረጠው ጮማ መጣ። መሪጌታ እጃቸውን አልዘረጉም። አያ ቢያዝን በገዛ እጃቸው ጉርሻ ጠቅልለው ተነሡ።

«ምነው መሪጌታ፣ ቤታችንን ናቁት?»

«አልናቅሁም። አልበላም።»

«በሃምሳው?»

«በሃምሳው። ሹሮ አምጡልኝና ልብላ፣ ጠግቤ ልመርቅ።»

«ሰው ምን ይለኛል? መሪጌታን ሹሮ አበላ ልባል? ይቺን ብቻ፣ በሞቴ።»

«አያ ቢያዝን፣ በሞትዎ ይላሉ፤ ሞቱ የኔ ነው። ይህን ጉርሻ የሚፈልጉት ሆዴ ውስጥ ያሉ ናቸው። ከእነሱ ጋር ማኅበሩን ካፈረስሁ ሰነበትሁ። እርስዎ እነሱን መጋበዝ ከፈለጉ ቤትዎ ይጥሯቸው፣ በእኔ ሆድ ግን አይደግሱም።»

 አያ ቢያዝን ጉርሻውን እንደያዙ ቀሩ። አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት። ሌላው ተከተለ፣ ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። አያ ቢያዝን ግን ተቀየሙ፤ ሳምንታት ሰላም አላሏቸውም። መሪጌታም «ይኑር በቂሙ፤ እኔ በባቄላዬ እኖራለሁ» አሉ። በድግስ ላይ ሹሮ የሚበላ መሪጌታ ብለው የሚያሽሟጥጡ ተነሡ። እውነት ለመናገር፣ ሲያሽሟጥጡ የሰማኋቸውን ሁለቱን ካባቸውን ሰፍቼ እጅጌውን አጠበብሁባቸው። ይበላቸው።

ከጰራቅሊጦስ በኋላ የሐዋርያት ጾም ገባ፣ ፍልሰታ መጣ፤ በእነዚያ ማንም ከማንም አልተጣላም፣ እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ጾሙ። ሰዓቱ ሲደርስ ክኒናቸውን ይውጣሉ፣ የትነበርሽ አፋቸውን ከፍተው እንዲያሳዩዋት ታደርጋለች፣ ይረግሟታል፣ ያሳያሉ። ተማሪዎቻቸውን ተቀምጠው ነው የሚያስተምሩ፤ መቋሚያው ጥግ ላይ ተደግፎ ይውላል። አንዳንድ ጊዜ በመስኮቴ ሳይ መቋሚያውን ያዩታል፣ እንደ ተጣላ ወንድም። ጾሙ ሲፈታ እኛ ሁለታችን ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። ጠዋት ገብስና ባቄላ ጠየቁ። «ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ። «ዓይናችሁ ይፍሰስ።»

ቀስ በቀስ ዳገቱን መውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ እየቆሙ፣ በኋላ ሳይቆሙ። መስቀል ካለፈ በኋላ ሆስፒታል ሄድን። ዶክተር ሕሊና ደማቸውን አየች፣ ልባቸውን አዳመጠች፣ ደረጃ አስወጣቻቸው፣ ደጋግማ ጠየቀቻቸው። የጠበበው ደም ሥር እንደ አዲስ አልሆነም፣ ክኒኑም ዕድሜ ልክ ነው አለች፤ ነገር ግን ልባቸው ሸክሙን ችሎታል።

«ኅዳር ሚካኤልን?» አሉ መሪጌታ። ድምፃቸው ያነሰ የዚያን ጊዜ ነው።

«ይቁሙ። ደረትዎን ካመመዎት ግን ወዲያው ይቀመጡ።»

«ጾምሽ ሠራ ብለሽ ደስ ይበልሽ እንግዲህ።»

«ባቄላው ነው፣ መሪጌታ። ጾሙን ለእግዚአብሔር ይተዉለት።»

መሪጌታ «የቄስ ልጅ» ብለው ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ነጠላቸው ውስጥ ሲስቁ ትከሻቸው ሲነቃነቅ አየሁ።

እንግዲህ ትናንት። ካህናቱ በሁለት ወገን ተሰለፉ፣ ወልደኢየሱስ በስተግራ፣ መሪጌታ በመሐል። የትነበርሽ ከጎኔ ነበረች፣ ነጠላዬን ከነሥጋዬ ጨብጣ ይዛኛለች፣ ዛሬም ክንዴ ያመኛል። ከበሮው ቀስ ብሎ ጀመረ። ካህናቱ ሲረግጡ መሪጌታም ረገጡ፣ ሲጎነበሱ ጎነበሱ። ዜማው ሲፈጥን እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። ያ የመጨረሻው የሚፋጠነው ነው ሰው የሚጥለው። ጨፍኜ የምሰማው የእሳቸውን ድምፅ ነው፤ አልተቆረጠም፣ አልደከመም። እልልታው ሲፈነዳ ዓይኔን ገለጥሁ፤ ቆመዋል፣ መቋሚያቸው በእጃቸው፣ ፊታቸው ደም የመሰለ እንጂ አመድ ያልነካው። ውሃ አጣን ብለው ተቆጡ። ከዚያ ወደ ወልደኢየሱስ ዞሩ። «ከበሮውን አስቸኮልኸው። ሰኞ ትመጣለህ፣ ከመጀመሪያው ትማረዋለህ።» ወልደኢየሱስ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ሲነሣ ዓይኑ ረጥቦ ነበር፣ መሪጌታም አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

በንግሡ ድግስ ሹሮ በሉ። አያ ቢያዝን ከፊታቸው መጥተው ቆሙ፣ ሹሮውን አዩና «ይህን እኔ ላጉርስዎት» አሉ። መሪጌታም አፋቸውን ከፈቱ።

ማምሻውን ቤታቸው ሄጄ፣ «ለዶክተር ሕሊና ማን ይንገራት?» አልሁ። ከትናንት ጠዋት እስከ ዛሬ ተረኛ ስለሆነች ንግሡን አላየችም።

«ማንም አይነግራትም» አሉ መሪጌታ። «ያቺ ልጅ ከሰማች ተኮፍሳ ታልቃለች። የነገረቻት ሴት ከእኔ ጋር አበቃች።»

የትነበርሽ ከኋላቸው ሆና በዓይኗ ጠቀሰችኝ። እኔ ደግሞ እንግዲህ አንዴ ልቤ ተነሥቷል፣ ማኪናዬን ሸፍኜ፣ ነጠላዬን ደርቤ ተነሥቻለሁ። ተረኝነቷን ጨርሳ ከመውጣቷ በፊት ሆስፒታሉ በር ላይ መድረስ አለብኝ፣ ባጃጁም እየጠበቀኝ ነው፤ በሉ ቻው።